ስላበሉኝ የሳቅኩት ሳቅ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ልጄን ብጠይቃት ዓመተ ምሕረቱን ከነቀኑ ትነግረኝ ነበር። ግን አንዴ እሷ ከነገረችኝ ነገሩ የእሷ ትዝታ ሆኖ ይቀራል ብዬ አልጠየቅኳትም። ከፋሲካ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ረቡዕም ዓርብም ሥጋ ይበላ ነበርና። ለተፈጠረው ጥፋት ሁሉ ከእኔ ቀጥሎ ተጠያቂው ያ ሥጋ ነው።

ልጄ የፊልም ጽሑፍ ትጽፋለች። እሷ እስክትጀምር ድረስ ፊልም የሚጻፍ ነገር አይመስለኝም ነበር። ተዋናዮቹ አፋቸው ላይ የመጣላቸውን የሚናገሩ ነበር የሚመስለኝ። አንዳንዱን ሳይ አሁንም ይመስለኛል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሸማኔ ነበርኩ፤ ዓይኔ ሲደክም ተውኩት። ልጄ የሽመና ጉድጓዴን በሳንቃ ከደነችና ጠረጴዛዋን እላዩ ላይ አቆመች። አርባ ዓመት እግሬን ቁልቁል ሰድጄ በተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጣ አንድ የፍቅር ኮሜዲ ጻፈች።

ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ረጅም አይደለም። አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ አለ። የአንድ ቤት ፍሪጅ ሊሠራ ይሄድና የቤቱን ልጅ ይወዳታል። ተመልሶ ለመምጣት ምክንያት እንዲኖረው ሁልጊዜ አንዲት ብሎን ሳያጠብቅ ይሄዳል። ፍሪጁ በየሳምንቱ ይበላሻል። አባትየው «ይሄ የማይረባ ባለሙያ» እያለ ያማርራል፤ ልጅቷ ግን ብሎኗን አይታለች፣ አይታም ዝም ብላለች። እንግዲህ በጠቅላላው ይኸው ነው። ይህን ስትነግረኝ ሳቅኩ። እኔ የምሬን ስስቅ ድምፅ የለኝም፤ ትከሻዬ ነው የሚስቀው። ሚስቴ ከጓዳ ሆና ወንበሩ ሲንቀጫቀጥ ሰምታ ምን ሆነ ብላ መጣች።

ከሁሉ የወደድኩት የሽምግልናውን ቦታ ነው። ልጁ ሦስት ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። አባትየው ወዲያው እሺ ማለት ክብሩን የሚነካ ይመስለዋል። ሽማግሌ ቆሞ እሱ ለመቀመጥ ደግሞ ያፍራል፤ ስለዚህ እሱም ይቆማል። እናትየውም ትቆማለች። ስድስት ወንበር ባዶውን ተደርድሮ አምስት ሰው ቆሞ ይተያያል። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበቱን ያመዋልና ቀስ ብሎ ፍሪጁ ላይ ይደገፋል። ሶኬቱ ይነቀላል። ፍሪጁ ጸጥ ይላል። ውስጡ ለእሑድ ድግስ የተገዛ ሥጋ ሞልቷል። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፍሪጅ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፣ ቅርብ ነው ትላለች። ቅርብ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሽማግሌዎቹን መውጣት እየጠበቀ ነው። ይገባል። ሶኬቱ መነቀሉን በመጀመሪያ ዕይታ ያውቃል። ግን እሷ የስልኳን መብራት ይዛ አጠገቡ ስለቆመች ግማሽ ሰዓት ፍሪጁን ይፈታታል። አባትየውም ሶኬቱን ከመጀመሪያው አይቶታል። ልጁን ያያል፣ ልጅቱን ያያል፣ ሶኬቱን ያያል። ከዚያ ምንም ሳይል ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እሱ ሲቀመጥ ሁሉም ይቀመጣል።

ያ ጉልበት የእኔ ጉልበት ነው። ለጎረቤታችን ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ፣ ፍሪጅ ተደግፌ ሶኬት የነቀልኩት እኔ ነኝ። የቀረውን የፈጠረችው እሷ ናት።

ጽሑፉን አንድ ፕሮዲውሰር ከእሷ ገዛ። ቢሮው እዚሁ ጉለሌ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ገዝቶ ሲያበቃ ቀልዱ አንሷል አለና ሁለት ወጣቶች ቀጠረ። የእነሱ ሥራ ቀልድ መጨመር ነው፣ ወጥ ላይ በርበሬ እንደሚጨመር። ወጡን የሠራችውን ሴት ግን ምን አስበሽ ሠራሽው ብሎ የጠየቃት የለም።

የጨመሩትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ ወረቀቱ ያሳዝነኛል። ከገጠር የመጣ ዘበኛ ጨመሩ። ዘበኛው ሊፍት ይፈራል። ዘበኛው ስልክ ላይ ይጮኻል። ዘበኛው የቀለም ቆርቆሮ ከፍቶ እርጎ ነው ብሎ ይጠጣል። እኔ በዕድሜዬ ያየኋቸው ዘበኞች ማን ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ማንን በር ድረስ እንደሸኘ፣ ማን ተኮራርፎ እንደሰነበተ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የፍቅር ፊልም ውስጥ ዘበኛ ካገባችሁ ይህን ሁሉ እያወቀ ዝም ማለቱ ነው የሚያስቀው። እነሱ ግን ቀለም አጠጡት። አንዲት ወፍራም አክስት ጨመሩ፤ የተቀመጠችበት ሁሉ ይሰበራል። በቃ፣ ሌላ ሥራ የላትም። አፉ የሚተሳሰር ሰው ጨመሩና ፍቅሩን ሲገልጽ ቃሉ ሳያልቅ ልጅቷ ታክሲ ተሳፍራ ትሄዳለች። ይህን የጻፈው ልጅ አጠገቡ እንዲህ ያለ ወንድም ቢኖረው ኖሮ እጁ ይታሰር ነበር።

ለሽማግሌዎቹ ደግሞ በርሜል ጨመሩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ በነጭ ሱሪው የውሃ በርሜል ውስጥ ይወድቅና ሰው ሠራሽ ጥርሱ ተስፈንጥሮ እናትየው እቅፍ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። የፕሮዲውሰሩ አሠራር እንዲህ ነው። ጽሑፉ ወደ ቀረጻ ከመሄዱ በፊት ተራ ሰዎች ይጋበዛሉ፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሰው የሳቀበት ቦታ ላይ ፕሮዲውሰሩ ምልክት ያደርጋል፤ ዝም ያለበት ላይ ይሰርዛል። አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልገናል ስላሉ ልጄ እኔን ወሰደችኝ። ሌሎቹ ሦስቱ ወጣቶች ነበሩ፤ የሦስቱን ዕድሜ ብትደምሩ የእኔን አይሞላም።

ምሳው ሸክላ ጥብስ ነበር። አንደኛው ቀልድ ጨማሪ በገዛ እጁ አጎረሰኝ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ቀልድ ያነብልኛል። እያንዳንዱን ቀልድ ሲጨርስ ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ይደረጋል? ዘበኛው ቀለም ሲጠጣ ሳቅኩ። አክስትየዋ ወንበር ስትሰብር ሳቅኩ። በድምፅ ነው የምስቀው፣ አፌን ከፍቼ፣ ሰው ቤት እንደተጋበዘ ሰው። ወጣቶቹ ደግሞ ልጆች ስለሆኑ፣ ሽማግሌ ስቆ እነሱ ዝም ቢሉ ነውር ይመስላቸዋል፤ እኔን ተከትለው ይስቃሉ። ፕሮዲውሰሩ ምልክት ያደርጋል።

ከዚያ ልጄ የጻፈችው ሽምግልና ተነበበ። ይህኛው ከበርሜሉ ጋር ሊወዳደር ነው። ሶኬቱ ጋ ሲደርስ ትከሻዬ ጀመረኝ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ እኔ እኮ የጸሐፊዋ አባት ነኝ። አባት ተነሥቶ የራሱን ልጅ ሥራ ሲያደንቅ ሰው ምን ይላል? የቤቱን ዕቃ ገበያ አውጥቶ የሚያሞግስ አይመስልም? ጥርሴን ነከስኩ። ወለሉን አየሁ። ሳሌን እንኳን ሳቅ እንዳይመስልብኝ ብዬ ዋጥኩት። ወጣቶቹ አንገቴን መድፋቴን ሲያዩ፣ በሽማግሌ ተቀለደ ብዬ የተቀየምኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ ጭጭ አሉ። ፕሮዲውሰሩ ሰረዘው። በርሜሉ ሲነበብ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ወደ ቁስቋም በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ልጄ አላናገረችኝም። እኔ ደግሞ የተናደደችው በእነሱ መስሎኝ ስለ ጥብሱ አወራላታለሁ። ቤት ደርሰን ጫማዬን ሳወልቅ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«አባዬ፣ በርሜሉ አስቆህ ነው?»

«አይ፣ እሱስ አላሳቀኝም።»

«ታዲያ?»

«ሰው ሊያስቅሽ እየለፋ ዝም ይባላል እንዴ?»

«አዎ» አለችኝ። «ዝም ይባላል።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ውል ፈርማለች፤ ጽሑፉን መልሳ መውሰድ አትችልም። ሽምግልናው ወጥቶ በርሜሉ ገብቷል፣ ከሥሩ ያለው ስም ግን የእሷ ነው። በመጪው ሳምንት አንድ ጊዜ ተነብቦ ያልቃል፤ ከዚያ ቀረጻ ነው። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን አባቴ በአንድ ምሳ ሸጠው ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቢያንስ እመልስላታለሁ። አላለችም። ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ሰብስባ ከረጢት ውስጥ ከተተችና ከረጢቱን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀለችው። ጠረጴዛው ባዶውን ሲቀር ያስፈራል።

ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ ምናምን አልልም፤ በደንብ ተኛሁ። ጠዋት ግን ለሚስቴ፣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ሚስቴ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል።

«አንተ?» አለችኝ። «አንተ እኮ ቀሚሴን የጋለ ካውያ ቡኒ ሲያደርገው ‹ቀለሙ አምሮበታል› ያልክ ሰውዬ ነህ።»

እውነቷን ነው። እኔ ለሰው ፊት ለፊት መጥፎ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ስሸምን እንኳን ደንበኛ የመረጠው ጥለት ዓይን የሚወጋ ቢሆንም «መልካም» ብዬ እሠራለሁ። እና ሚስቴ ልታሠለጥነኝ ተነሣች። ለምሳ ወጥ አቀረበችልኝ። አንድ ጎረስኩ፤ ጨው ነው። ጨው የበዛበት አይደለም፣ ራሱ ጨው ነው።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ይጥማል» አልኳት።

ሳህኑን አነሣችው። በማግስቱ እንደዚያው። «ትንሽ ጨው ያለው ይመስላል፣ ግን ደኅና ነው» አልኩ። ሳህኑ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ደረቅ እንጀራ በልቼ ከሰዓት በኋላ ወደ ቁስቋም ማርያም ወጣሁና መንገዱን ሁሉ ለብቻዬ «አይጣፍጥም፣ አይጣፍጥም» እያልኩ ተለማመድኩ። ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። በአራተኛው ቀን ወጡ ሲመጣ አንዴ ቀምሼ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«ይሄ ወጥ አይበላም» አልኩ።

ሚስቴ አየችኝ። ያን ቀን ጨው አልጨመረችበትም ነበር። ራሷም ከእኔ ጋር ልትበላው በሥርዓት የሠራችው ወጥ ነው። እስከ ማታ አላናገረችኝም፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ብቻዋን ትስቃለች፣ ከዚያ እኔን ስታይ እንደገና ትኮሳተራለች። ያን ጊዜ ነው ልጄ ሁለት ዓመት ስትጽፈው የነበረው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ። እነዚያ ልጆች ሰው የሚያስቀው ሲወድቅ ይመስላቸዋል። ሰው የሚያስቀው አንድ ነገር አጥብቆ ፈልጎ መፈለጉን መናገር ሲያፍር ነው። ፍቅር ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን አለው? ይህን ለማወቅ ቀለም መጠጣት አያስፈልግም።

ቀኑ ደረሰ። ሚስቴ እኔም እሄዳለሁ አለች። ልጄ ቀድማን ወረደች። ስንገባ ጥብሱ ቀርቧል፣ ፍሙ ላይ ይንጫጫል። ሽታው ደረጃው ላይ ነው የተቀበለኝ። ሚስቴ በልተን ነው የመጣን አለች። ፕሮዲውሰሩ ለመነ፣ ቀልድ ጨማሪዎቹ በማርያም አሉ፣ አንደኛው ጉርሻ ይዞ ተነሣ። ሚስቴ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ጠግበናል» አለችው። አልጠገብንም። ቁርስም አልበላንም፤ ሆን ብላ ነው። እኔ ግን ጉርሻውን ሳይ አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረውም ነበር።

ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። መሬት መሬት እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«ልጆቼ፣ ባለፈው የሳቅኩት ስላሳቃችሁኝ አይደለም። ስላበላችሁኝ ነው።»

ጥብሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ያ ያጎረሰኝ ልጅ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታው እንዳለ ነው፣

«አባባ፣ በርሜሉም?» አለኝ።

«በርሜሉም፣ ልጄ።»

«ጥርሱስ?»

«ጥርሱማ አሳዘነኝ።»

የልጁ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። እንዲህ ማድረግ እንደምችል እኔም አላውቅም ነበር፤ አልወደድኩትም። ፕሮዲውሰሩ ግን አልደነገጠም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ፣ አባቴ ይገባኛል፣ ልጅዎ ናት፣ ማንም አባት ለልጁ እንዲህ ይላል አለ። ለስላሳ አድርጎ ነው ያለው። በቃ፣ የፈራኋት ነገር እሷው ነበረች። ምን ልበል? አይደለም ብል ለልጄ የምዋሽ፣ ነው ብል ቅድም የዋሸሁ እመስላለሁ። ልጄ መስኮት መስኮቱን ታያለች። አጠገቤ ባዶ ወንበር ነበርና ልቀመጥ፣ ይቅር፣ ተዉት ልል ነበር፤ አዎ፣ ልልም ነበር።

ሚስቴ ተነሣች። የራሷን ወንበር አነሣችና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ከዚያ የእኔን አዞረችው። ግድግዳው ላይ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ነበር።

«የእሱን ፊት አትመኑ» አለቻቸው። «እኔም ስንት ዓመት ተሸወድኩበት። እኛ ወደዚህ ዞረን እንቀመጣለን። እናንተ በርሜሉንም የተሰረዘውንም አንብቡና ራሳችሁን ስሙ።»

ዞረን ተቀመጥን። ሁለት ሽማግሌ ሰው፣ አፍንጫችን ከኳስ ተጫዋቹ ካልሲ አንድ ክንድ አይርቅም። ከኋላችን ወረቀት ተገለጠ። መጀመሪያ በርሜሉ ተነበበ። ሽማግሌው ወደቀ። ጥርሱ ተስፈነጠረ። የማየው ፊት የለም፣ የሚያየኝም የለም፤ ወጣቶቹም የሚከተሉት ሽማግሌ አጡ። አንድ ሰው አሳለ። ከዚያ ምንም። አንባቢው አረፍ ብሎ ጠበቀ፣ አሁንም ምንም። እኔ የዚያን ልጅ ላብ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ልስቅለት አሰኘኝ፤ እውነቴን ነው፣ አፌ መከፈት ጀምሮ ነበር። ሚስቴ እጇን ሰዳ ጣቴን ጨበጠችውና አጠበቀችው፣ እስኪያመኝ።

ቀጥሎ ሽምግልናውን ሌላኛው ቀልድ ጨማሪ ተቀብሎ አነበበ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ ሰው ቆሟል። ጸጥ ያለ ነው። አባትየው ለመቀመጥ ጎንበስ ብሎ ሽማግሌዎቹን አይቶ መልሶ ሲቃና፣ አንድ ሰው በአፍንጫው እፍ አለ። ሶኬቱ ሲነቀል ከወጣቶቹ አንዷ ሳቀች። «ፍሪጅ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ» ሲል ሁሉም። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ሳቅ የዚያ ያጎረሰኝ ልጅ ነበር፤ ራሱን መያዝ አቅቶት እግሩን መሬት ይመታል። እና እኔ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው፣ ማንም አያየኝም፣ ትከሻዬን ለቀቅኩት። ወንበሩ መንቀጫቀጥ ጀመረ። ሚስቴም እንደዚያው ሆና የኳስ ተጫዋቹ እንባዋ ውስጥ ይዋኛል። ዞር በሉ እስኪሉን ድረስ አልዞርንም።

በርሜሉ ወጣ፣ ሽምግልናው ገባ። ፕሮዲውሰሩ ያለ ምንም ንግግር ነው የሰረዘው። ዘበኛው ግን ቀለሙን እንደጠጣ ቀረ፤ እሱን ፕሮዲውሰሩ ራሱ ነው የፈጠረው አሉ። አክስትየዋም ሁለት ወንበር ተረፈላት። ዓለም እንዲህ ናት፣ ሁሉንም አይሰርዙልህም። ልጄ በታክሲው ውስጥ በእኔና በእናቷ መካከል ተቀመጠች፤ ቦታ ጠቦ ሳይሆን። ቤት ስንደርስ ከረጢቱን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደችው።

ፊልሙ ወጣ፣ እኔም አየሁት። ሰው ዘበኛው ላይ ሲስቅ ዝም አልኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፖፕኮርን ሰጥቶኝ ስለነበር ቀላል አልነበረም። ሲያልቅ ረጅም ምስጋና ተነበበ። መኪና ያዋሰ ተመስግኗል፣ ፀጉር የሠራች ተመስግናለች፣ ሆቴል የከፈተ ተመስግኗል፣ የማን ውሻ እንደሆነ የማላውቀው ውሻ ሳይቀር ተመስግኗል። አንድ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ጠብቄ አጣሁ። እነሱ ካልጻፉት እኔ እጽፈዋለሁ። ያን ሳምንት ያሻገረችኝ፣ አፌን ዘግታ እውነቱን ያናገረችኝ፣ የልጄ እናት፣ ሚስቴ ናት።